የስካጊት ድልድይ መደርመስና የልዩ ጭነት ፈቃድ አሰጣጥ

እ.ኤ.አ ሜይ 23 ቀን 2013 (ግንቦት 15 ቀን 2005 ዓ.ም) ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በማውንት ቨርነንና በበርሊንግተን ከተሞች መካከል የሚገኘው የኢንተርስቴት 5 አውራ ጎዳና ድልድይ አንዱ ክፍል ተደርምሶ ስካጊት ወንዝ ውስጥ ወድቋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሲያትል በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ድልድይ በቀን 71 ሺህ ያህል ተሽከርካሪዎችን የሚያስተናግድ ሲሆን፣ ወደ ካናዳ ድንበር የሚያመራው ዋነኛ መንገድ አካል ነው።

ከድልድዩ ጋር ሁለት ተሽከርካሪዎች የወደቁ ሲሆን፣ በውስጣቸው የነበሩት 3 ሰዎች በሕይወት ተርፈዋል። ይሁንና ከአንድ ሳምንት በኋላ በተለዋጭ መንገዶች ላይ ትራፊክ ሲያስተናግድ የነበረ አንድ የግዛቲቱ ፖሊስ ባልደረባ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ሕይወቱ አልፏል።

በወቅቱ በርካታ ወገኖች አደጋውን ከድልድዩ እርጅና ጋር አያይዘውት ነበር። በ2007 በሚኒያፖሊስ 13 ሰዎች የሞቱበት የድልድይ መደርመስ ገና ከሰዎች አእምሮ ያልጠፋ በመሆኑ ግምቱ የሚያስገርም አልነበረም። በ1955 የተሠራው የስካጊት ድልድይ በእርግጥም ያረጀ ዲዛይን ነበረው። ተሽከርካሪዎች በብረት ማዕቀፍ ውስጥ የሚያልፉበት በመሆኑና አንድ ወሳኝ ብረት ቢሰበር ሸክሙን የሚጋራ ሌላ አካል ስለሌለው ክፍሉ በሙሉ ሊወድቅ ይችላል። ሆኖም መዋቅሩ ጉድለት አለበት ተብሎ አልተመደበም ነበር። ለአደጋው ምክንያት የሆነው ወደ ደቡብ ይጓዝ የነበረ ከባድ የጭነት መኪና የጫነው ትልቅ የብረት ሣጥን ከመንገዱ በላይ ያሉትን አግዳሚ ብረቶች መምታቱ ነው።

ጉዳዩ ለመንግሥት ሠራተኛ ይበልጥ ትኩረት የሚስብ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። መኪናው ያለ ፈቃድ የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ከካናዳ አልበርታ ግዛት ተነሥቶ ወደ ደቡብ ዋሽንግተን ለሚጓዘው ለዚህ ጭነት የዋሽንግተን ግዛት ልዩ ፈቃድ ሰጥቶታል። በፈቃዱ ላይ የሰፈረው ከፍታ 4 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከአደጋው በኋላ የተለካው ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብልጫ አለው። ልዩነቱ ግን ውጤቱን የሚለውጥ አልነበረም፤ የድልድዩ የላይኛው ብረት ቅስት በመሆኑ በግራ መስመር በኩል ከ5 ሜትር በላይ ክፍት ቦታ ሲኖር፣ በቀኝ ጠርዝ ግን ወደ 4 ሜትር ተኩል ዝቅ ይላል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ራሱ በቀኝ መስመር ማለፍ የማይችል ጭነት መሆኑን ያሳይ ነበር።

ፈቃዱ የተሰጠው በኮምፒዩተር መረብ ሲሆን፣ አመልካቹ መረጃውን አስገብቶ ራሱ የሚያወጣው ዓይነት ነው። አሠራሩ የጭነቱን ከፍታ በመንገዱ ላይ ካሉ ድልድዮች ከፍታ ጋር አያነጻጽርም ነበር፤ የማጣራቱ ኃላፊነት ለአጓጓዡ ተትቶ ነበር። አጓጓዡ በበኩሉ መንገዱን በአግባቡ ሳያጠና ተነሥቷል። በድልድዩ መግቢያ ላይም ዝቅተኛውን ከፍታ የሚያስጠነቅቅ ምልክት አልነበረም።

የቀረው ጥንቃቄ የመለኪያ ዘንግ ተክላ ከፊት ትጓዝ በነበረች አጃቢ መኪና ላይ ወድቆ ነበር። ዘንጉ 4 ሜትር ከ93 ሳንቲ ሜትር ይደርስ ስለነበር በቀኝ መስመር ሲታለፍ ብረቱን መንካት ነበረበት፤ አንድ የዓይን እማኝም ሲመታ ማየቱን ተናግሯል። የአጃቢ መኪናዋ ሾፌር ግን በዚያ ሰዓት በስልክ እየተነጋገረች ነበር። ምልክት ብትሰጥ እንኳ የጭነት መኪናው በጣም ተጠግቶ ይከተላት ስለነበር ለማቆም ርቀቱ አይበቃም ነበር። በዚህ መሀል ሌላ የጭነት መኪና በግራ በኩል በመቅደሙ ጭነቱ ይበልጥ ወደ ቀኝ፣ ማለትም ወደ ዝቅተኛው ጠርዝ ተጠግቷል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2014 ባወጣው የምርመራ ውጤት ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ብቻ አልጫነም። ከመጠን በላይ የሆኑ ጭነቶችን የማጓጓዙ ሥርዓት እርስ በርሱ የተያያዘ መሆኑንና የፈቃድ አሰጣጡን፣ የመንገድ ጥናቱን፣ የአጀባውንና የምልክቱን ጉድለቶች አንድ ላይ አመልክቷል። በሥርዓቱ ውስጥ እያንዳንዱ አካል ሌላው ያጣራል ብሎ ማለፉ በግልጽ ይታያል። ይህ ድልድይ ቀደም ሲል በ2012 በሌላ ከፍተኛ ጭነት ተመትቶ በፍተሻ ተመዝግቦ እንደነበር ሲታይ ደግሞ ማስጠንቀቂያው በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ጥገናው ግን የተፋጠነ ነበር። ጊዜያዊው ድልድይ ጁን 19 ቀን 2013 (ሰኔ 12 ቀን 2005 ዓ.ም) ለትራፊክ የተከፈተ ሲሆን፣ እስከዚያው ድረስ የሁለቱ ከተሞች የውስጥ መንገዶች በተለዋጭ ትራፊክ ተጨናንቀው ሰንብተዋል። ቋሚው ክፍል በሴፕቴምበር ወር አጋማሽ ተተክሏል፤ ከላዩም የሚያልፍ ብረት የለውም። በቀሩት አሮጌ ክፍሎች ላይም አግዳሚ ብረቶቹ ከፍ ተደርገው ተሻሽለዋል።