ሴቶች ልጆች ለወንዶች በተሠራ ትምህርት ቤት

ሴት ልጅ ከወንድሟ ጋራ በአንድ አዳራሽ ተቀምጣ ከፍተኛ ትምህርት መማሯ ዛሬ የሚያከራክር ነገር አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 እኩልነቷን አጽንቶ፥ ስለ ቀድሞው በደል ልዩ ድጋፍ እንዲደረግላት ፈቅዷል። ነገር ግን መግባትና መዝለቅ ሁለት ነገር ናቸውና ስለ መዝለቁ ጥቂት ልናሳስብ እንወዳለን።

የጥንቱ ኰሌጃችን የቅኔ ቤት እንደ ነበረ ሊቃውንቱ ያውቁታል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኰፋዳውን አንግቶ ከመንዝ ወደ ጎጃም ይሻገራል፤ ቀን በየመንደሩ ይለምናል፥ ሌሊት በሣር ጎጆ ያድራል። ሴት ልጅን የሚከለክል የተጻፈ ሥርዓት እንኳ ባይኖር ኑሮው ራሱ ይከለክላት ነበር። በጎጃም ወንበር ዘርግተው ብዙ ወንዶችን ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የታወቁ ናቸው። እርሳቸው ግን ቅኔውን የተቀበሉት ከአባታቸው ነው፤ ማደሪያ ፍለጋ መንከራተት፥ ውሻ እየመከቱ መለመን አላስፈለጋቸውም። አባታቸው መምህር ባለመሆኑ ብቻ የቀሩት ስንት ይሆኑ?

ዘመናዊው ትምህርትም አስቀድሞ የተሰናዳው ለወንዶች ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908፥ የተፈሪ መኰንን በ1925 ሲከፈቱ፥ ለልጃገረዶች የቆመው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1931 ነው። ስለዚህ በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኰሌጅ ሲቋቋም ለመግባት የተዘጋጁት ሴቶች እጅግ ጥቂት ነበሩ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የዬል ኰሌጅ ሴቶችን የተቀበለው በ1969 ነው፤ ያውም በየዓመቱ አንድ ሺህ ወንዶች መቀበሉን አልቀንስም ብሎ። በክፍሉ ብቻዋን የተቀመጠችው ልጅ የሴቶችን አስተያየት ንገሪን እየተባለች ስለ ሴት ወገን ሁሉ መልስ ትሰጥ ዘንድ ትጠየቅ ነበር።

ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ሴቱንም ወንዱንም በአንድነት ተቀብሏል። የአንኮበር ገበሬ ልጅ ግን ከዚያ ለመድረስ አስቀድማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጊዜ ከቤቷ ርቃ በከተማ ቤት ትከራያለች፥ ስንቋንም ከገጠር ታመላልሳለች። ወንድሟ በሚያጠናበት ሰዓት እርሷ ውኃ ትቀዳለች፥ ወጥ ትሠራለች። ፈተናውን ብታልፍም ምደባው ዘመድ ወደሌለበት ክፍለ አገር ሊሆን ይችላል፤ የዚያ አገር ልጅ ደግሞ ብርዱን ሳታውቀው ወደ ደብረ ብርሃን ትመጣለች። እንግዲህ አባቶች ልጆቻቸውን ለማያውቁት ሰው በአደራ ይሰጣሉ ማለት ነው። በደረሰችበትም "በድጋፍ የገባች" እያለ የሚያሸማቅቃት አይጠፋም፤ ይህን የሚል ሰው ወጡን ማን ሲሠራ እንደ ኖረ የዘነጋ ይመስለናል።

ስለዚህ ባለሥልጣኖቻችን በመስከረም የተመዘገቡትን ብቻ ሳይሆን በዓመቱ መጨረሻ የቀሩትንም ይቍጠሩ። ከቤተ መጻሕፍት እስከ መኝታ ያለው መንገድ ሌሊት መብራት አለውን? የመጸዳጃው በር ይዘጋልን? በነጥብ የሚያስፈራራት መምህር ቢኖር ለማን ትነግራለች? ይህን ከቢሮ ሆኖ ማወቅ አይቻልም፤ ሄዶ ማየት ይገባል። ካህናት አባቶችም የንስሐ ልጃቸው ልጁን ለመዳር ሊማከር ሲመጣ፥ ስለ ድግሱ ከመነጋገር አስቀድመው ዕድሜዋንና የደረሰችበትን ክፍል ይጠይቁት።