ወረትን የሚበላ ወረት

በአማርኛችን ወረት የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ነጋዴ ሥራውን የሚጀምርበት መነሻ ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛውም ሰው አዲስ ነገር ባየ ጊዜ የሚያድርበት፥ ጥቂት ቀን ቈይቶም የሚበርድ ፍቅር ነው። አዲስ ነጋዴን ላስተዋለ ሰው ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ትልቅ ምክር ይሰጣል፤ ስለ ምን ቢሉ የብዙውን ጀማሪ ወረት የሚበላው ሌባ ወይም እሳት ሳይሆን ይኸው ሁለተኛው ወረት ነውና።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን መኳንንቱና ባለ ርስቱ ንግድን ዝቅ ያለ ሥራ አድርገው ይመለከቱት ነበር። ዛሬ ግን የተማረውም ልጅ፥ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተሰናበተውም አባት፥ የቤት እመቤቲቱም ሱቅ መክፈትን ያስባሉ። ይህ መልካም ነገር ነው። ዳሩ ግን ንግድን የጀመረ ሁሉ ነጋዴ ሆነ ማለት አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈተና ይጠብቀዋልና። ስለ መጠጥና ስለ ቁማር አንናገርም፤ እነዚህ ሰውን እንደሚያጠፉ ሁሉም ያውቃል። የምንናገረው ክብርና ደግነት መስለው ስለሚመጡት ፈተናዎች ነው።

ፊተኛው ፈተና መልክን ከሥራ ማስቀደም ነው። ጀማሪው ገና አንድ ደንበኛ ሳያገኝ ስሙን በትልቅ ሰሌዳ ያስጽፋል፤ ባለ መደገፊያ ወንበር ይገዛል፤ ሥራ አስኪያጅ ተብሎ መጠራትም ይጀምራል። ሰሌዳና ወንበር ክፉ ነገሮች አይደሉም፤ ነገር ግን በእነርሱ ላይ የፈሰሰው ገንዘብ ተመልሶ ዕቃ አይገዛም። ገዢ የሚመጣው የፈለገውን ዕቃ በፈለገው ጊዜ ስላገኘ እንጂ የባለ ሱቁ ወንበር ስላማረ አይደለም።

ሁለተኛው ፈተና በገንዘብ መሳቢያው ውስጥ ነው። አንድ ባለ ሱቅ በቀን የ3,000 ብር ዕቃ ሸጠ እንበል። ዕቃውን የገዛው በ2,550 ብር ከሆነ ትርፉ 450 ብር ነው። ከዚህም ላይ ለቤት ኪራይ፥ ለመብራት፥ ለረዳቱ ደመወዝና ለግብር የዕለቱ ድርሻ 250 ብር ቢቀነስ ለባለቤቱ የሚቀረው 200 ብር ብቻ ነው። ማታ መሳቢያው ሲከፈት ግን ዐይን የሚያየው 3,000ውን ብር ነው። ከዚያ ውስጥ 500 ብር ለቤት የወሰደ ሰው 300 ብር ከወረቱ በላ ማለት ነው፤ ነገር ግን ከትርፉ የወሰደ ይመስለዋል። እንዲህ እያለ መደርደሪያው ቀስ በቀስ ይራቆታል፤ ባለቤቱም ገበያው ቀዘቀዘ እያለ ያማርራል።

ሉካ ፓቾሊ የተባለው የኢጣልያ መነኩሴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1494 ዓ.ም. በቬኒስ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ የቤት ወጪ በነጋዴው መዝገብ ላይ ለብቻው እንዲጻፍ ያስተማረው በከንቱ አይደለም። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ከጥቃቅን ነጋዴዎች በቀር ነጋዴ ሁሉ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዝዞ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የተተካው አዲሱ ሕግም መዝገብ መያዝን አላስቀረም። ሕግ የማያስገድደው ትንሽ ነጋዴ እንኳ አንድ ደብተር ቢገዛ ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም። ባልና ሚስትም ተማክረው በየሳምንቱ ለቀለብ የሚወጣውን ይወስኑ፤ ከተወሰነው በላይም መሳቢያውን አይንኩ።

ሦስተኛው ፈተና በእቁብ በኩል ይመጣል። እቁብ ለአገራችን ነጋዴ ታላቅ ረዳት ነው፤ ነገር ግን ጠባዩን ማወቅ ይገባል። 20 ሰዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢያዋጡ ዕጣ የወጣለት ሰው 20,000 ብር ይቀበላል። ዕጣው በመጀመሪያው ሳምንት የወጣለት ግን ከራሱ የከፈለው 1,000 ብር ብቻ ስለሆነ፥ የቀረው 19,000 ብር ገና በ19 ሳምንት የሚከፍለው ብድር ነው። የመጨረሻው ባለ ዕጣ ያጠራቀመውን ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ግን የሚወስደው ዕዳ ነው። ይህን ያልተረዳ ጀማሪ ዕጣ በወጣለት ሰሞን ድግስ ይደግሳል፥ የቤት ዕቃ ይለውጣል፤ ከዚያም በኋላ የሳምንቱ መዋጮ ሲደርስ ከወረቱ እያነሣ ይከፍላል።

አራተኛው ፈተና ከንግድ ወደ ንግድ መዝለል ነው። ቡና ተወደደ ሲባል ወደ ቡና፥ ሰሊጥ ተፈለገ ሲባል ወደ ሰሊጥ ይሮጣል። ወሬው ከጆሮው የደረሰው ግን የሥራው ባለቤቶች ከገዙ በኋላ ነው። ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል አይደለምን? እውነት ነው፤ ነገር ግን ተረቱ ትከል አለ እንጂ አቁም አላለም። የመጀመሪያው ባላ መሬት ሳይዝ ወደ ሁለተኛው የሄደ ሰው ሁለቱም ይወድቁበታል።

የመጨረሻው ፈተና ከሁሉ ይልቅ የከበደ ነው፤ እርሱም ዘመድ ነው። ሱቅ የከፈተ ሰው እንደ ባለጸጋ ይቈጠራል። ለሠርግ ዋና አዋጪ ይሆናል፤ ወዳጁ ሁሉ በዱቤ ይወስዳል፤ ዱቤውን የጠየቀ እንደ ሆነም ንፉግ ይባላል። እንቢ ቢል ስሙ ይጠፋል፥ እሺ ቢል ሱቁ ይዘጋል። ነገሩ ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ ደግሞ በዕዳው ክስ ላይ የሚጻፈው የነጋዴው ስም ብቻ አይደለም፤ ዋስ የሆነው አጎት፥ ቤታቸውን በመያዣ የሰጡት እናትም አብረው ይጠራሉ። ያን ጊዜ በዱቤ የወሰደው ወዳጅ ከአጠገባቸው አይቆምም።

ስለዚህ ለጀማሪው የምንሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ይኸውም መግዛት፥ መሸጥ፥ መጻፍ፥ የተሸጠውን መተካት፥ ይህንም በማግሥቱ መድገም ነው። ይህ ሥራ ያሰለቻል፤ የሚያስመሰግን በዓልም የለበትም። ነገር ግን ወረቱን የሚያበዛ ነጋዴ ወረቱ ካለፈ በኋላ ይህንኑ ሳይሰለች የሚሠራ ነው።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ሱቅ የከፈተ ልጅ ወይም ወንድም አላችሁ። ልትረዱት የወደዳችሁ እንደ ሆነ ምርቃቱን ከመረቃችሁ በኋላ ከሱቁ ዕቃ በሙሉ ዋጋ ግዙ፤ ዋጋውንም ሳትወጡ በዚያው ቀን ክፈሉት።