ከጣውላው በታች ክረምት እንዳይገባ

ግንቦት ሲጋመስ በነቀምት ሰማዩ ከሰዓት በኋላ መጥቆር ይጀምራል። በዚህ ጊዜ እናቶች የሚያዩት ወደ ላይ ነው። ቆርቆሮው ያፈስስ ይሆን? ሚስማሩ ላልቶ ይሆን? እያሉ ያስባሉ። መልካም ነው። ዳሩ ግን ዛሬ አንባብያችንን የምንጠይቀው ወደ ታች እንድታዩ ነው፤ ይኸውም ከወለሉ ጣውላ ሥር፣ ማንም ጎንበስ ብሎ ወደማያየው ጨለማ ቦታ።

ጨለለቂንና ሌሎቹን የከተማይቱን ሰፈሮች የምታውቁ እንደምታስታውሱት ነቀምት ኮረብታማ ናት። ተዳፋት ላይ የሚሠራ የጣውላ ወለል ያለው ቤት በታችኛው ወገን በድንጋይ ከፍ ይደረግና ሞራሌ ተረብርቦ ጣውላው ይመታበታል። በጣውላውና በአፈሩ መካከል አንድ ክንድ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ክፍተት ይቀራል። ይህ ክፍተት ያለ ምክንያት የተተወ አይደለም። እንጨቱ እርጥብ አፈር እንዳይነካውና ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ነው። እኛ ግን ምን እናደርገዋለን? ማገዶ እንከትበታለን፣ ከሰል በማዳበሪያ እናስቀምጥበታለን፣ ዶሮ እናሳድርበታለን። ብርድ እንዳይገባ ብለንም በድንጋዩ መካከል የተተዉትን የአየር መተላለፊያ ቀዳዳዎች በጨርቅና በጭቃ እንደፍናለን።

የዚህ አምድ አዘጋጅ ይህን የተማረችው ከመጽሐፍ አይደለም። ልጅ ሳለሁ የምንኖረው በኪራይ ቤት ነበር። በግንቦት ወር ጎረቤታችን አኮ ለቡና መጥተው ገና በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «ቤታችሁ ይሸታል፤ ጋና ሳይገባ ሥሩን እዩት» አሉ። እናቴ አፈረች። ዕጣን አበዛች። ለአከራያችንም ነገረች፤ «ከክረምቱ በኋላ» የሚል መልስ አገኘች። ነሐሴ ላይ ታናሽ ወንድሜን አዝላ የፈላ ጀበና ይዛ ስትራመድ ጣውላው ከሥሯ ከዳት። እግሯ እስከ ጉልበቷ ገባ፤ ቡናው ክንዷ ላይ ተገለበጠ። ሕፃኑን ምንም አልነካውም። የእናቴ ክንድ ግን ምልክቱን ዛሬም ይዞታል። ያ ሽታ የሚበሰብስ እንጨት ሽታ ነበር፤ እኛ በዕጣን ሸፈንነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ውኃውን እንመልከት። በነቀምት በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው መጠነኛ ቤት ብትወስዱ፣ ከጣሪያው ላይ ብቻ በዓመት 75 ሺህ ሊትር ውኃ ይወርዳል ማለት ነው፤ በ200 ሊትር በርሜል ሲቆጠር 375 በርሜል ይሆናል። ይህ ሁሉ አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ የሚወርደው በቤቱ ግድግዳ ሥር ነው። አሸንዳውን አስጠርጉ። በላይኛው ወገን ያለውን ቦይ በአካፋ ክፈቱ፤ ዳገቱን ወርዶ የሚመጣው ጎርፍ በቤቱ ሥር እንዳያልፍ የሚያዞረው እሱ ነውና። ከቦዩ የወጣውንም ቀይ አፈር ግድግዳው ላይ አትከምሩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለቤቱ ድጋፍ የሆነ ይመስላል፤ ነገር ግን እርጥበቱን ወደ እንጨቱ ያደርሳል፣ ለምስጥም መሰላል ይሆናል።

ምስጥን የወለጋ ሰው ያውቀዋል፤ ወደ ምዕራብ በመንዲና በነጆ በኩል ያሉትማ ከማንም በላይ ያውቁታል። ምስጥ ብርሃንና ድርቀት ስለማይወድ፣ ከአፈር ወደ እንጨት የሚወጣው በእርሳስ ውፍረት ልክ ከጭቃ በሠራው መሿለኪያ ነው። በፋኖስ ወይም በባትሪ ድንጋዩንና ቋሚውን ስትመለከቱ እንዲህ ያለ የጭቃ መስመር ካገኛችሁ አፍርሱት፤ በሳምንቱ ተመልሳችሁ እዩት። እንደገና ተሠርቶ ከሆነ ምስጡ ሥራ ላይ ነውና ባለሙያ ጥሩ። የሞራሌውን ጤንነት ለማወቅ ደግሞ ስፌት የምትሰፉበት ወስፌ ይበቃችኋል። ወግታችሁ አልገባም ካለ ደኅና ነው፤ እንደ ዳቦ ከገባ ግን ያ እንጨት ክረምቱን አይሻገርም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀደም ባሉት ዓመታት ለምስጥ ይረጭ የነበረው አልድሪን እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም ስምምነት ከታገዱት 12 መርዞች አንዱ ነው። ከጓዳ በቆየ ቆርቆሮ የተገኘ መርዝ ልጆች በሚድሁበት ወለል ሥር አይረጭም።

ማገዶውንና ከሰሉን አውጥታችሁ ወደ ሌላ መጠለያ አዛውሩ። የተደፈኑትን ቀዳዳዎች ክፈቱና አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ምቱባቸው። «ብርዱስ?» ትሉ ይሆናል። ብርዱን በወለሉ ላይ ምንጣፍ ወይም ሰሌን ይከላከለዋል፤ የታፈነ እርጥበት ግን ሻጋታ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ አስም ያለበትን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ያስለዋል። እርጥበት የገባበትን ክፍል ላድርቅ ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ በሩን ዘግቶ መተኛትማ ከሁሉ የከፋ ነው። ፍም ከሰል ጭሱ ባይታይም የሚያወጣው መርዛማ አየር ሽታ የለውም፤ የተኛን ቤተሰብ ሳያነቃ ይገድላል።

ግድግዳ ለመለሰን ጭቃ የተቆፈረበትን ጉድጓድም አትርሱ። የወባ ትንኝ የምትወደው ከወለል ሥር ያለውን ጨለማ ሳይሆን ፀሐይ የሚያገኘውን እንዲህ ያለ ኩሬ ነው። እንቁላሏ በሞቃት ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ትንኝ ሆኖ ይበራል። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ወባ በምዕራብ ኦሮሚያ ስንቱን ቤተሰብ እንዳስተኛ ለወለጋ እናቶች አይነገራቸውም። ልስኑ እንዳለቀ ጉድጓዱ ይደፈን።

ተከራዮች የሆናችሁ፣ አሸንዳ መጥረግና ቦይ መክፈት ከእጃችሁ አያልፍም። ሞራሌ መቀየር ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው። ጥያቄውን በቃል ብቻ አትተዉት፤ ቀን ያለበት አጭር ደብዳቤ ጻፉና ግልባጩን አስቀምጡ። እናቴ ይህን ብታደርግ ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ።

በወለሉ ሥር የሚገባው ልጅ አይሁን። ቅጥነቱ ታይቶ የሚላከው ሁልጊዜ እሱ ነው፤ እባብና ጊንጥም፣ የተሰበረ ጠርሙስም የሚጠብቀው እዚያው ነው። አስቀድማችሁ በረጅም ዱላ ደብድቡ፣ ጫማና ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ አንድ ሰውም ውጭ ይቁም። ሥራው ለእሑድ ጠዋት ይበቃል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ጃንጥላ ይዛችሁ አንድ ጊዜ ቤቱን ዙሩ፤ ውኃው በየት በኩል እንደሚሄድ ያን ዕለት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።