«አንድ ነን» ከማለታችን በፊት

«ሴቶች ሁላችንም አንድ ነን» ሲባል የስብሰባው አዳራሽ በጭብጨባ ይሞላል። አባባሉ ክፋት የለበትም። ዳሩ ግን አንዷ በመኪና፣ ሌላዋ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ የመጣች እንደሆነ፣ የአንዷ ልጅ ከሞግዚት ጋር ቤት ሲቀር የሌላዋ በጀርባዋ ታዝሎ የመጣ እንደሆነ፣ አንድነቱ በምን በምን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህን ጥያቄ በዓለም መድረክ ላይ በድፍረት ካነሡት አንዷ የቦሊቪያዋ ወይዘሮ ዶሚቲላ ባሪዮስ ደ ቹንጋራ ነበሩ። ወይዘሮ ዶሚቲላ ሲግሎ ቬንቴ በተባለ የቆርቆሮ ማዕድን ሠፈር የሚኖሩ የማዕድን ቆፋሪ ባለቤትና 7 ልጆች ያሳደጉ እናት ነበሩ። የባል ደመወዝ ስለማይበቃ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው ሥጋ የተሞላ፣ የእኛን ሳምቡሳ የሚመስል ምግብ እያዘጋጁ ከልጆቻቸው ጋር መንገድ ላይ ይሸጡ ነበር። የሚኖሩበት ቤት የማዕድን ድርጅቱ ነው፤ ባል በሳንባ በሽታ ሲሞት ሚስትና ልጆች ቤቱን ለቀው ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1961 የሠፈሩ ሴቶች የታሰሩ ባሎቻቸውን ለማስፈታት ተነሥተው የቤት እመቤቶች ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ወይዘሮ ዶሚቲላም በኋላ ከመሪዎቹ አንዷ ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያውን የዓለም የሴቶች ጉባኤ ሜክሲኮ ከተማ ላይ ሲጠራ፣ ጎን ለጎን በተካሄደው መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች መድረክ ላይ ተጋበዙ። እዚያ የሰሙት ክርክር እንግዳ ሆነባቸው። ከበለጸጉት አገሮች ከመጡት አንዳንዶቹ ጠላታችን ወንድ ነው ይላሉ፤ ለእርሳቸው ግን ባላቸው በአንድ ቀንበር አብሯቸው የተጠመደ ጓደኛ ነበር። በኋላ በታተመው የሕይወት ታሪካቸው እንደተረኩት፣ ከሜክሲኮ ልዑካን ወገን የነበሩ አንዲት ወይዘሮ የሕዝቡን መከራ ማንሣቱን ትተን ስለ ሴቶች ብቻ እንነጋገር ቢሏቸው፣ የቆፋሪው ሚስት በየቀኑ የሚለዋወጠውን ልብስ፣ የተሠራውን ጠጉር፣ ባለሾፌሩን መኪና እየቆጠሩ በሁለታቸው ኑሮ መካከል የሚመሳሰለው የትኛው እንደሆነ ጠየቋቸው።

የወይዘሮዋ ጥያቄ በጉባኤው አላበቃም። በ1977 መጨረሻ 4 የማዕድን ቆፋሪ ሚስቶች ልጆቻቸውን ይዘው ላ ፓዝ ከተማ ውስጥ የረኃብ አድማ ጀመሩ፤ ወይዘሮ ዶሚቲላም ገቡበት። አድማው ከ1,000 በላይ ሰዎችን አስከትሎ፣ የጄኔራል ባንዘር መንግሥት በሳምንታት ውስጥ ለፖለቲካ እስረኞችና ስደተኞች ምሕረት ለማድረግ ተገደደ።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ወደ ጓዳችን እንግባ። ከቤት ውጭ የምንሠራ የከተማ እናቶች ብዙዎቻችን በሰዓቱ ሥራ የምንገባው ቤት ውስጥ ሌላ ሴት ስላለች ነው። (ይህች ጽሑፍም የተጻፈችው በዚሁ መንገድ ነው።) በብዙ ቤት ባልና ሚስት በጓዳ ሥራ መጨቃጨቅ የተዉት እኩልነት ስለመጣ ሳይሆን ሦስተኛ ሰው ስለተቀጠረች ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ሰጥቷል። ይኸው አዋጅ ሲወጣ ግን የቤት ውስጥ የግል አገልግሎት ቅጥርን በሽፋኑ አላስገባም። እኛ ፈቃዳችንን ጨርሰን ስንመለስ ሕፃኑን የምትረከበዋ ልጅ፣ እርሷ ያረገዘች እንደሆነ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ትወጣለች። ከሲግሎ ቬንቴዋ መበለት በምን ትለያለች? የካቲት 29 ቀን የሴቶች በዓል ሲከበርም እኛ አዳራሽ፣ እርሷ ምድጃ ዳር ናት።

ስለዚህ የሴቶች ጉዳይ በቡና ላይ ሲነሣ ቡናውን የምታፈላዋም ትቀመጥና ትጠየቅ፦ የዕረፍት ቀኗ የትኛው ነው? ደመወዟን በገዛ እጇ ትቀበላለች? የማታ ትምህርት ብትጀምር እራት የሚያቀርበው ማን ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ አባወራውም ቢሰማው አይከፋም።