ከጾሙ በፊት ሐኪምን ማማከር፦ ለስኳር ታማሚዎች፣ ለቤተሰቦችና ለሃይማኖት አባቶች የቀረበ ጥሪ

የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚታዘዘው በአብዛኛው ቁርስ፣ ምሳና እራት በሰዓታቸው ይበላሉ ተብሎ ስለሆነ፣ ታማሚው ሐኪሙን ሳያማክር ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን ወይም ረመዳንን ሲጀምር መድኃኒቱና ማዕዱ ይለያያሉ። ኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳር ከደም ወደ ሕዋሳት እንዲገባ የሚያደርገው ሆርሞን፣ እንዲሁም ቆሽት ይህንኑ ሆርሞን እንዲያመነጭ የሚገፋው ግሊቤንክላማይድ የተባለው እንክብል፣ ሆድ ባዶ ቢሆንም ሥራቸውን ስለማያቆሙ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ጀንበር እስክትጠልቅ ሳይበላ የሚውል ታማሚ የደም ስኳሩ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ሊወርድበት ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ይህን አደጋ እምብዛም አያስከትልም። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ መተውም መፍትሔ አይደለም፤ በተለይ በአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የተያዘ ሰው ቆሽቱ ኢንሱሊን ስለማያመነጭለት፣ መርፌውን ካቋረጠ ደሙ አሲድ በዝቶበት ለሞት ሊዳርገው ይችላል።

ብዙ ምእመናን ጾም ከመሻር ሕመሙን መታገሥን ስለሚመርጡ፣ በዚህ ጉዳይ ከሐኪም ቃል ይልቅ የንስሐ አባትና የኢማም ቃል ይሰማል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለታመመ ሰው ጾምን ያቀልለታል፤ ቅዱስ ቁርኣንም በአል-በቀራህ ምዕራፍ፣ የታመመ ሰው ያልጾማቸውን ቀናት በሌላ ጊዜ እንዲተካ ይፈቅዳል። ስለሆነም የሃይማኖት አባቶች ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ በዐውደ ምሕረትና በጁምዓ ኹጥባ ይህን በግልጽ እንዲያስተምሩ፣ ሕመሙን ደብቆ የሚጾመውንም ጠርተው እንዲመክሩት ይጠየቃሉ።

የጾም ምግብ ሁሉ ለስኳር ታማሚ ይስማማል የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ እንጀራ፣ የጤፍም ቢሆን፣ እንዲሁም ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታና ድንች በአንጀት ተፈጭተው ስኳር የሚሆነው ካርቦሃይድሬት የበዛባቸው በመሆናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ተጾሞ በአንድ ጊዜ በብዛት ሲበሉ የደም ስኳርን በፍጥነት ከፍ ያደርጋሉ። በመሆኑም ማዕድ የሚያዘጋጁ የቤተሰብ አባላት የታማሚውን ሳህን ግማሽ በጎመን፣ በፎሶሊያና በሰላጣ እንዲሞሉ፣ ምስር ወይም ሽሮ ጨምረው እንጀራውን እንዲቀንሱ፣ ማፍጠሪያውንም በስኳር ከጣፈጠ መጠጥ ይልቅ በውሃ እንዲያደርጉ ይመከራል።

ታማሚው የደም ስኳሩ ወርዶ ቢያልበው፣ ቢንቀጠቀጥ ወይም ግራ ቢጋባ ጾሙን ወዲያው አቋርጦ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ የደም ስኳሩን መለካት ይኖርበታል፤ ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል። ኢንሱሊን የሚወጉና ግሊቤንክላማይድ የሚውጡ ሁሉ የሚቀጥለው ጾም ከመግባቱ ከአንድ እስከ ሁለት ወር አስቀድመው ወደ ክትትል ክሊኒካቸው ሄደው፣ መጾም ይችሉ እንደሆነና መድኃኒታቸው በምን መጠንና ሰዓት እንደሚወሰድ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።