አቦ፣ ቅድሚያው የማን ነው?

ሐረር ውስጥ ሁለት ባጃጆች መስቀለኛ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሲፋጠጡ ማለፍ ያለበት ማነው? ጥያቄውን የማነሳው ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ሕጉንማ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ተፈትኖበታል። ምልክትም ትራፊክ ፖሊስም በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ከቀኝህ ለሚመጣው ትለቃለህ። አደባባይ ላይ ደግሞ ገብቶ ለሚዞረው፣ ማለትም ከግራህ ለሚመጣው ትጠብቃለህ። ዜብራ ላይ እግረኛ ካለ ሁሉም ይቆማል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አንዱን የባጃጅ ሾፌር «ቅድሚያው የማን ነው?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝና «አቦ፣ ቀድሞ የገባ ነዋ!» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ መቼም ሐረር ላይ ሰው ሲስቅ አለመሳቅ ይከብዳል። ነገር ግን መልሱ ሲታሰብ አያስቅም። ቀድሞ የገባ ማለት የፈጠነ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ቀድመው ለመግባት ነዳጅ ይሰጣሉ። ሕጉ ቀኝን የመረጠው ቀኝ ከግራ ስለሚበልጥ አይደለም። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ መልስ እንዲኖራቸው ነው።

ይህ እንግዲህ ከግንቡ ውጪ፣ በራስ መኮንን አደባባይና በሰፋፊዎቹ መንገዶች ላይ ይሠራል። ጀጎል ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግንቡን ሲያሠሩ አምስቱ በሮች የታሰቡት ለሰውና ለጭነት ከብት ነበር። ዛሬ መኪናው በኋላ ዘመን በተከፈተው በሐረር በር ገብቶ በቀጥታ ፈረስ መጋላ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠባብ መንገድ ነው። (መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር እንኳ «መኪናው» የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ስሙን ያወጡለት ልብስ ሰፊዎቹ ናቸው።)

«ቀኝህን ተመልከት» የሚለው ሕግ ቀኝህ ይታያል ብሎ ነው የሚነሳው። ጀጎል ውስጥ ግን ቀኝህ የድንጋይ አጥር ነው። ማዕዘኑ ላይ የፊት ጎማህ ካልወጣ ማን እንደሚመጣ አታይም፤ የፊት ጎማው ደግሞ ቀድሞ የሚያገኘው ሌላ ባጃጅ ሳይሆን ዳቦ ተልኮ የሚሮጥ ልጅ ወይም ጭነት የተሸከመች ሴት ነው። ጎረቤታችን አንዲት እናት ከገበያ ሲመለሱ እንዲህ ባለው ማዕዘን ላይ ተገጭተው ወደቁ። እኔ ስደርስ ሁለቱ ሾፌሮች «ቅድሚያው የኔ ነው»፣ «የለም፣ የኔ ነው» እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። እሳቸው የተበተነውን ቲማቲም እያዩ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሳቸውን ቅድሚያ ያነሳ አንድ ሰው አልነበረም። እግራቸው ለመዳን ወራት ፈጀ።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ በጀጎል ውስጥ በማንኛውም ማዕዘን፣ ዜብራ ይኑርም አይኑር፣ ቅድሚያው የእግረኛ ይሁን፤ ባጃጁም በሰው እርምጃ ይሂድ። ባጃጅ ይከልከል አላልኩም። በሽተኛም አረጋዊም እቃ የጫነ ነጋዴም አለ። ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስላችሁ፤ ሆላንዶች ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመኖሪያ ሰፈር ጎዳናዎቻቸው ላይ መንገዱ የእግረኛ ነው፣ መኪና በእግረኛ ፍጥነት ይሂድ ብለው ደንግገዋል። እነሱ ይህን ለማድረግ ጎዳናቸውን እንደገና ማስተካከል ነበረባቸው፤ የኛ ከጥንቱም ጠባብ ነው። አስጎብኚዎች «የእርቅ መንገድ» የሚሉትን ቀጭን መተላለፊያ ያየ ይረዳኛል። የተኳረፉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩና ቃል ሳይለዋወጡ አይተላለፉም ይባላል።

«ሾፌሩ አይለምደውም» የሚል ይኖራል። ይህቺ አገር ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ተሸጋግራለች። ሾፌር ሁሉ እጁና ዓይኑ የለመደውን ትቶ አዲስ ጀምሯል። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ማዕዘን ላይ ፍሬን መያዝ ምን ያህል ይከብዳል?

ወጪውም ቢሆን የቆርቆሮ ሰሌዳና ቀለም ነው። «እግረኛ ይቅደም» የሚለው በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፍ፤ የትራፊክ ፖሊሶችም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አጠገቡ ይቁሙ። ሁሉም በር ላይ በአንድ ቀን ይሰቀል አልልም። መጀመሪያ ሐረር በር ላይ ይሁን፤ ባጃጁ በብዛት የሚገባው በዚያ ነው።