የሞተር ሳይክል ታንክ ጭረትና የቤታችን ጥንቃቄ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ማለዳ ተነሥቶ ደጃፉ ላይ የቆመ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው የሞተር ሳይክል ድምፅ ነው። አንዱ ዕቃ ለማመላለስ፣ ሌላው ሚስቱን ፋብሪካ በር ላይ ለማውረድ፣ ሦስተኛው ልጁን ትምህርት ቤት ለማድረስ ይነሣል። እነዚህ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። መንገዶቻቸው ግን ያው የጥንቶቹ ናቸው፤ ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ። በጋ አቧራው፣ ክረምት ጭቃው በሦስቱም ላይ አይቀርም።

በብዙ ቤት ሞተሩ የቤተሰቡ ዋና ጥሪት ነው። የቤት ኪራዩ፣ የጤፉ ወጪ፣ የልጆቹ ደብተር ከእርሱ ይወጣል። በመሆኑም በዛሬው ዝግጅታችን የወንዶች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ የሚቆጠረውን፣ ነገር ግን ጨርቁም ሳሙናውም በእኛ እጅ ስለሆነ እኛንም የሚመለከተውን የቤንዚን ታንክ ቀለም እናነሣለን። «ቀለም ጌጥ ነው፤ ሞተሩ እስከሄደ ድረስ ምን ቸገረን» የሚሉ አሉ። አብዛኛው ታንክ የተሠራው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው የብረት ቆርቆሮ ነው። ያን ቆርቆሮ ከዝናብና ከጤዛ የሚለየው ቀለሙ ብቻ ነው። ከሥር አንቲረስት፣ ከላዩ ዋናው ቀለም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያብለጨልጨው ግልጥ ቫርኒሽ ይቀባበታል። ሦስቱ ተደማምረው እንኳ ከሁለት የፀጉር ዘለላ ውፍረት እምብዛም አይበልጡም። ሞተሩን ለመሸጥ የተገደደ ቤተሰብም ቢሆን የገዢው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያው ታንኩ ላይ መሆኑን ያውቃል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው። ቡራዩ ከምንኖርበት ቤት ባለቤቴ በክረምት ማታ ማታ ሞተሩን ጭቃ አልብሶ ያመጣዋል። አንድ እሑድ እርሱ ተኝቶ ሳለ ላስደስተው ብዬ አንድ ባልዲ ውኃና ኦሞ ይዤ ወጣሁ። የደረቀው ጭቃ አልለቅ ሲለኝ የድስት መፈተጊያውን ሽቦ አመጣሁ። ጭቃውስ ለቀቀ። ፀሐይ ስትወጣ ግን ታንኩ ድመት የቧጨረችው መስሎ ታየ። ባለቤቴ አይቶ ዝም አለ፤ ዝምታው ከቁጣ ይብስ ነበር። ጎልቶ የወጣውን ጭረት የሚሸፍን ተለጣፊ ምስል ገዝተን ለጠፍንበትና ነገሩ ያለቀ መሰለን። በዓመቱ ተለጣፊው ሥር ቀለሙ እንደ ብጉር አበጥ አበጥ ብሎ ተነሣ። ስንልጠው ዝገት ወጣ። ተለጣፊው ጭረቱን የሸፈነው ከዓይናችን እንጂ ከውኃ አልነበረም፤ እንዲያውም የገባውን እርጥበት አፍኖ ይዞ ከርሟል።

ከዚያ የተከተለው ነው የባሰው። ቀለም ቀቢው «ታንኩን ፈትታችሁ አምጡ» ስላለ ባለቤቴ ማታ ፈትቶ፣ ቤንዚኑን ገልብጦ፣ ባዶውን ታንክ ወደ ቤት አስገባውና ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጠው። እኔ ደግሞ ቡና ልቆላ ከሰል አያያዝኩ። ለቡና የጠራናት ጎረቤታችን እግሯ ደጃፉን ሳያልፍ «ኧረ እትዬ፣ ቤንዚን ይሸታል!» ብላ ጮኸች። ምድጃውን ብድግ አድርጋ ይዛው ወጣች። ያን ቀን እግዜር አተረፈን።

እኛ ባዶ ታንክ አደጋ የለውም ብለን ነበር። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። የሚቀጣጠለው ትነቱ እንጂ ፈሳሹ አይደለም፤ በባዶ ታንክ ውስጥ ደግሞ ትነትና አየር ተደባልቀው ይቀመጣሉ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል፤ ስለዚህ የሱሉልታ ብርድ አያድነንም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ ወለል ለወለል እየሄደ ምድጃ ይፈልጋል። የእኛ የከሰል ምድጃ ያለው ደግሞ መሬት ላይ ነው። እናቶች ሆይ፣ ታንክም ሆነ በጀሪካን የተያዘ ቤንዚን ለአንዲት ሌሊት እንኳ ቤት ውስጥ አይደር። የተቀደደ ታንክ ካለም በውስጡ የቀረው ትነት በሚገባ ሳይወገድ ማንም ብየዳ እንዳያስጠጋው።

አሁን ወደ ጭረቱ እንመለስ። የጭረትን ጥልቀት ለማወቅ ጥፍር ይበቃል። ታንኩ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጥፍራችንን በጭረቱ ላይ አግድም እናሳልፋለን። ጥፍሩ ሳይዘው ካለፈ የተነካው የላይኛው ቫርኒሽ ብቻ ነው። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ሊያስተካክለው ይችላል፤ በለስላሳ ጨርቅ የመኪና ፖሊሽ ጥቂት አድርጎ፣ ሳይጫኑ፣ ክብ ክብ እያደረጉ ማሸት ነው። ፖሊሽ ከሌለ ነጭ የጥርስ ሳሙና ለቀጭን ጭረት ይረዳል፤ በውስጡ ልስልስ ያለ መፋቂያ ዱቄት አለበትና። ነገር ግን ተአምር አይጠበቅበት፤ ደጋግሞ መፈተግም ቫርኒሹን ይጨርሰዋል። ቀለሙ የማያብለጨልጭ ዓይነት ከሆነ ግን ፖሊሽም የጥርስ ሳሙናም አይነካው፤ ያሸነው ቦታ ብቻ አብርቶ ይቀራል።

ጥፍሩ ከያዘ፣ ይልቁንም ከሥር ነጣ ያለ ብረት ከታየ፣ ጊዜ አይሰጥም። ቀለም ቤት እስክንደርስ ድረስ ቦታውን በሳሙናና በውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ስስ ሰም መቀባት ውኃን ለጥቂት ቀናት ይከለክላል። ከመቀባቱ በፊት ሰሙ በደንብ መነሣት አለበት፤ ቀለም በሰም ላይ አይይዝም። ትንሿን ቦታ ራሱ የሚጠግን ሰው በዙሪያዋ ያለውን ደህና ቀለም በወረቀት ፕላስተር ይከልላል፤ ዝገት ካለ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት፣ 400 በሚባለው ቁጥር፣ ያነሣዋል። ከዚያ በ600 የጭረቱን ዳር ያለሰልሳል። ዳሩ ካልተለሰለሰ ቀለሙ እንደ ገደል ጫፍ ሆኖ ይታያል። ቀጥሎ አንቲረስት፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ቀለሙ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባል። አንዴ አወፍሮ የቀባ ሰው ቀለሙ ሲወርድበት ያያል። በክረምት መቀባት አይመከርም፤ አየሩ ሲርስ ቀለሙ በደንብ አይደርቅም፣ ቫርኒሹም ይደበዝዛል። በተለይ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች እስከ ረፋድ ድረስ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ የበጋ እኩለ ቀን ይሻላል። እርግጥ ሥራው ሁሉ ከቤት ውጭ፣ ከእሳትም ርቆ ነው።

ቀለም ቀቢ ጋ ስንሄድ ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለብን፤ ቫርኒሹ ቤንዚን ይችላል ወይ? በቆርቆሮ የሚሸጠው ተራው ስፕሬይ ያምራል፤ ቤንዚን ጠብ ሲልበት ግን ይለሰልሳል፣ በጨርቅ ሲጠረግም ይለቃል። ቤንዚን የሚችለው ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚረጨው ዓይነት ነው። ያም ቢሆን ከደረቀ በኋላ ውስጥ ለውስጥ ጠንክሮ እስኪያልቅ ቀናት ያስፈልጉታል፤ በማግሥቱ ቤንዚን ሞልቶ መሄድ የተከፈለበትን ገንዘብ መጣል ነው። ማጠንከሪያው ሲረጭ ሳንባን የሚጎዳ ነገር ስላለበት ለእርሱ የተሠራ ጭምብል ሳይኖር፣ ያውም ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ፣ ፈጽሞ አይሞከርም። የጨርቅ ጭምብል አይከላከለውም። የእኛ ታንክ በመጨረሻ የተስተካከለው ይህን በሚያውቅ ሰው እጅ ነው፤ የከፈልነው ገንዘብም ከአንድ ወር አስቤዛ አላነሰም።

ታንክን የሚጭረው ምን እንደሆነ ለማየት የባለሞተሩን ልብስ መመልከት ይበቃል። የጃኬቱ ዚፕና የቀበቶው ዘለበት ከታንኩ ኋላ ጫፍ ጋር ቀኑን ሙሉ ይፋተጋሉ። ዚፑ ላይ በውስጥ በኩል ጨርቅ መስፋት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የቤት፣ የመጋዘንና የሳጥን ቁልፍ ሁሉ ከሞተሩ ቁልፍ ጋር ታስሮ ሲወዛወዝ እንደ መዶሻ ይመታል፤ ለብቻ ይያዝ። ዕቃ ታንኩ ላይ በገመድ የሚያስሩ አሉ፤ ከገመዱ ሥር የገባው አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ልጅን ታንክ ላይ የሚያስቀምጡ አባቶችም አሉ። የጫማው ዘለበት ለቀለሙ የሚያደርገውን እንተወው፤ ሞተሩ በድንገት ሲቆም ያ ልጅ የት እንደሚሄድ ግን ለማንም እናት መንገር አያስፈልግም።

እጥበቱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ብዙ ውኃ አፍስሶ ጭቃው እስኪለሰልስ መጠበቅ ነው። እኔ ያጣሁት ይህችን ትዕግሥት ነበር። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅና በቀላል ሳሙና ከላይ ወደ ታች ማጠብ፤ መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታለቀለቅ አይመለስበት። የበጋ አቧራን በደረቅ ጨርቅ፣ ወይም እንደ ብዙዎቻችን ባሎች በጋቢ ጫፍ፣ መጥረግ ያው አሸዋውን ማሸት ነው። ማደያ ላይ ቤንዚኑ እስከ አፉ አይሞላ፤ ፀሐይ ሲመታው ይሰፋና በክዳኑ ዙሪያ ይፈስሳል። የፈሰሰ እንደሆነ ሳይውል ሳያድር በውኃ ይታጠብ። ሞተሩንም ጥላ ሥር ማቆም ያስፈልጋል፤ በየ1,000 ሜትር ከፍታው ቀለም የሚያደበዝዘው የፀሐይ ጨረር ከመቶ አሥር እጅ ያህል ይጨምራልና፣ እኛ ያለንበት ከፍታ ደግሞ ዝቅ ያለ አይደለም።

ለታንኩ ልብስ መስፋት ለምትፈልጉም የእኔን ላካፍል። ውስጡን ከአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ፣ ላዩን ከሸራ አድርጌ፣ ከሥር በላስቲክ እንዲያያዝ ሰፋሁት። ዝናብ የመታው ዕለት ወልቆ ካልተሰጣ እንደዚያ ተለጣፊ ውኃ አፍኖ ያስቀራል። በመጀመሪያው ቀን ግን ባለቤቴ ገፈርሳ ሳይደርስ ሞተሩ ጠፋበትና ገፍቶ ተመለሰ። የታንኩ ክዳን አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ እኔ ደግሞ እንዲያምር ብዬ ክዳኑን ጭምር አልብሼው ነበር። አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወርድም። በዚያው ምሽት ክዳኑ ላይ ያለውን ጨርቅ በክብ ቆርጬ አወጣሁትና ዳሩን ዘመዘምኩት።